«ትዝታም የለብኝ» ሲል ዘፋኙ ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄ

ውድ የቋንቋ ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በልጅነቴ አዲስ አበባ ከሬዲዮ እየሰማሁት ያደግኩትን፣ ዛሬም በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ክራር ሲነሣ አብሮ የሚነሣውን የትዝታ ስንኝ ትርጉም ልጠይቃችሁ እወዳለሁ። ስንኙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦

ትዝታዬ አንቺ ነሽ፣ ትዝታም የለብኝ፤
እመጣለሁ እያልሽ፣ እየቀረሽብኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳንጎራጉረው ኖሬ ምን እንደሚል አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የጠየቀችኝ እዚህ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ናት። ክራር መማር ከጀመረች ወዲህ የምትጫወተውን ዘፈን ቃል በቃል ካልተረዳች አታልፍም፤ ባለፈው እሑድም «አባዬ፣ ትዝታዬ አንቺ ነሽ ካለ በኋላ ወዲያው ትዝታ የለኝም የሚለው ለምንድን ነው? ከሁለቱ የትኛውን እንመነው?» አለችኝ። «ዘፈን ስለሆነ ነው» ብዬ አለፍኩት፤ ነገር ግን ይህ መልስ እንዳልሆነ እርሷም እኔም አውቀነዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ እለምናችኋለሁ። አንደኛው፣ የመጀመሪያው መስመር ከራሱ ጋር የተጣላ የሚመስለው ለምንድን ነው? ሁለተኛው፣ «የለኝም» ማለት እየተቻለ «የለብኝ» የተባለው ቤት ለመምታት ብቻ ነው ወይስ የራሱ ትርጉም አለው?

የመጀመሪያ መልስ

ወንድሜ፣ ልጅዎ ያነሣችው ጥያቄ የሚያስደስት ነው፤ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ። ስንኙ በአገር ቤት ሲፈታ የምሰማው እንዲህ ነው። «ትዝታም የለብኝ» ማለት «ከአንቺ ሌላ ትዝታ የለብኝም» ማለት ሲሆን፣ «ሌላ» የሚለው ቃል የስንኙን ልክ ለመጠበቅ ሲባል ተውጧል። እንዲህ ያለው መዋጥ በዕለት አነጋገራችንም አለ። አንዲት እናት ልጇን «ልጄ አንተ ነህ፣ ልጅም የለኝ» ብትለው ሌላ ልጅ የለኝም ማለቷ እንጂ ልጅነቱን መካዷ እንዳልሆነ ማንም ይረዳል።

ስለ «ም» ደግሞ ይህን ይንገሯት። በስድ ንባብ «ትዝታ የለብኝም» ስንል አፍራሹ «ም» ከአንቀጹ መጨረሻ ይቀመጣል። በግጥምና በልቅሶ አነጋገር ግን «ም» ወደ ስሙ ይዛወርና አንቀጹ ባዶውን ይቀራል፤ «ዘመድም የለኝ፣ ወገንም የለኝ» እንደሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ «ትዝታም» ውስጥ ያለውን «ም» የግድ «ደግሞ» ወይም «እንኳ» እያለች እንዳትተረጉመው። ከዚህ ያለፈ ተቃርኖ በስንኙ ውስጥ አይታየኝም።

ሁለተኛ መልስ

የቀደሙት መላሽ ስለ «ም» የሰጡት ማብራሪያ ትክክል ነው፤ የእናትና የልጁም ምሳሌ ጥሩ ነው። «ሌላ» ተውጧል የሚለውን ግን ለመቀበል እቸገራለሁ። ስንኙ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር 12 ቀለም ይዞ በመሐል 6 በ6 ይከፈላል። ገጣሚው ሌላ የለብኝም ማለት ቢፈልግ ኖሮ «ሌላም ሰው የለብኝ» ቢል ልኩም ቤቱም ሳይጓደል ይወጣለት ነበር። ይህን ያህል ቅርብ የሆነውን ቃል ትቶ «ትዝታ» የሚለውን በአንድ መስመር ሁለት ጊዜ የጠራው የግድ ሆኖበት አይመስለኝም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ይህ አፈታት የመጀመሪያውን መስመር ፈትቶ ሁለተኛውን ያለ ሥራ የሚያስቀምጠው መሆኑ ነው።

እስቲ ሁለተኛውን መስመር ብቻውን እንየው። «እመጣለሁ እያልሽ እየቀረሽብኝ» ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። አንድ ሰው በመንገድ አግኝቶን «እመጣለሁ እያልሽ እየቀረሽብኝ…» ብሎ ዝም ቢል፣ «እሺ፣ ምን ሆንክ?» ብለን እንጠብቃለን። የሚታሰርበትን ቃል ስንፈልግ የምናገኘው ወደ ኋላ ተመልሰን «የለብኝ» ላይ ነው። እንግዲህ ስንኙ ወደ ስድ ንባብ ሲመለስ «እመጣለሁ እያልሽ እየቀረሽብኝ ትዝታ የለብኝም» ይሆናል፤ ሁለተኛው መስመር ለመጀመሪያው ምክንያት ሆኖ ቆሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ የልጅዎ ጥያቄ ይለወጥና፣ የአንዲት ሴት እመጣለሁ እያሉ መቅረት ወዳጇን ትዝታ የሚያሳጣው እንዴት ነው የሚል ይሆናል።

ለዚህ መልሱ ያለው ትዝታ የሚለው ቃል ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ደስ አለ ደስታን፣ ዝም አለ ዝምታን፣ ጸጥ አለ ጸጥታን፣ እፎይ አለ እፎይታን፣ ቸል አለ ቸልታን እንደወለደ ሁሉ ትዝታም የ«ትዝ አለ» ልጅ ነው። «ትዝ አለ» ከ«አስታወሰ» የሚለየው በባለቤቱ ነው። «አስታወስኩ» ስል ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አስቤና ፈልጌ ያገኘሁት ነገር አለ። «ትዝ አለኝ» ስል ግን ባለቤቱ የታሰበው ነገር ሲሆን እኔ ተቀባይ ብቻ ነኝ። «ስሙን ለማስታወስ ሞከርኩ» የሚል ሰው ሞልቷል፤ «ትዝ ለማለት ሞከርኩ» የሚል ግን አይገኝም። ትዝታ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ሰው በፈቃዱ ሊጠራውም ሊያባርረውም አይችልም።

ሌላው ባሕርዩ ደግሞ የሚመጣው ካለፈ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ከናፍቆት ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይወጣል። «ያላየሁት አገር ይናፍቀኛል» ቢባል ያስኬዳል፤ «ያላየሁት አገር ትዝ ይለኛል» ግን አማርኛ አይሆንም። ናፍቆት ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሊያይ ይችላል፤ በግዕዝ «ናፈቀ» መክፈልንና መጠራጠርን ማመልከቱን፣ «መናፍቅ» እና «ኑፋቄ»ም ከዚያው መምጣታቸውን ላሰበ ሰው፣ የናፋቂ ልብ ሁለት ቦታ መሆኑ እንግዳ አይሆንበትም። ትዝታ ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያየው። ትካዜም ከሁለቱ ይለያል፤ ሰው ምን እንደሚያስተክዘው ሳያውቅ ሊተክዝ ይችላልና። ለትዝታ የሆነና ያበቃ ነገር ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ «እያልሽ እየቀረሽ» እንመለስ። ገጣሚው «እመጣለሁ ብለሽ ቀረሽብኝ» ማለት ይችል ነበር። «ብለሽ» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ አንድ ጊዜ ተናገርሽ፣ አንድ ጊዜ ቀረሽ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ይሆናል። እንዲህ ቢባል ኖሮ ሴትዮዋ ያለፈች ትሆን ነበር፤ ያለፈችም ከሆነች ትዝታ ልትሆን ትችል ነበር። ገጣሚው የመረጠው ግን «እየ»ን ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ትላለች ትቀራለች፣ እንደገና ትላለች እንደገና ትቀራለች፤ ዘፋኙ አፉን በከፈተበት ሰዓት እንኳ ገና እያለች ነው። «እመጣለሁ» የሚለውም የራሷ ቃል ነው። አማርኛ የሰውን ንግግር በ«አለ» ሲያደርስ የተናጋሪውን «እኔ» ሳይለውጥ ያስቀምጣልና፣ በስንኙ ውስጥ ሁለት «እኔ» አሉ፤ የ«የለብኝ» እኔ እርሱ ነው፤ የ«እመጣለሁ» እኔ ደግሞ እርሷ ናት። በሁለቱ መስመሮች ውስጥ የእርሷ ድምፅ የሚሰማው በዚህች አንዲት ቃል ብቻ ሲሆን፣ ቃሏም ቀን አልተቆረጠላትም። «ነገ» አላለችም፤ «ለፋሲካ» አላለችም። ይህ ቦታ በሰማሁት ቁጥር ሆዴን ባር ባር ያሰኘዋል፤ ምክንያቱም ቀን ያልተቆረጠለት «እመጣለሁ» ውሸት መሆኑ የሚረጋገጥበት ቀንም የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የ«ብ» ነገር ነው፤ የስንኙ ልብ ያለው እዚህ ይመስለኛል። አማርኛ በ«ለ» እና በ«በ» ነገሩ ለሰውየው ይሁን በሰውየው ላይ ይሁን ይለያል። ፈረደልኝና ፈረደብኝ፣ መሰከረልኝና መሰከረብኝ፣ ዘነበልኝና ዘነበብኝ የሚሉትን እናስብ፤ ዝናቡ አንድ ነው፤ ገበሬው ዘር ዘርቶ ሲጠብቅ ይዘንብለታል፤ አጭዶ ሳይከምር ሲቀር ይዘንብበታል። እንደዚሁ «አለኝ» ንብረት ነው፤ «አለብኝ» ሸክም ነው። ዕዳ አለብኝ፣ ቀጠሮ አለብኝ፣ ሕመም አለብኝ እንላለን እንጂ ጤና አለብኝ አንልም። ዘፋኙ «ትዝታ የለኝም» ቢል ኖሮ ያጣው ነገር መኖሩን ይነግረን ነበር። «የለብኝም» ሲል ግን ገና ያልተጫነበት ነገር መኖሩን ነው የሚነግረን። ትዝታ ፍቅር ካበቃ በኋላ በሰው ላይ የሚወድቅ ሸክም ነው፤ እርሱ ደግሞ እርሷ እመጣለሁ ማለቷን ስላላቆመች ፍቅሩ አብቅቷል ብሎ ለመመስከር እምቢ እያለ ነው።

ቤት መምቻውን ደግሞ ልብ ይበሉ። ግጥም አዋቂዎች አንድ ዓይነት ምዕላድ ከራሱ ጋር ቤት ሲመታ እንደ ድክመት ይቆጥሩታል፤ «ብኝ» ከ«ብኝ» ጋር መግጠሙም በዚህ መለኪያ ደካማ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ድክመት አይታየኝም። የመጀመሪያው «ብኝ» በእርሱ ላይ የሌለውን ይናገራል፤ ሁለተኛው «ብኝ» በእርሱ ላይ ያለውን ይናገራል። በላዩ ላይ ያለው የእርሷ መቅረት እንጂ ትዝታዋ አይደለም። «ቀረብኝ» የሚለው ቃል በራሱ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን፤ «ምን ይቀርብኛል» ስንል ምን እጎዳለሁ ማለታችን ነውና።

እንግዲህ የቀረው «ትዝታዬ አንቺ ነሽ» የሚለው መነሻ ነው። ይህን እንደ ፍቅሬ፣ ተስፋዬ፣ ዓለሜ ያለ የቁልምጫ መጥሪያ አድርጌ እወስደዋለሁ፤ ትዝታ የሴት ስም ሆኖ የሚወጣውም በዚሁ ስሜት ነው። ስሟን ትዝታዬ ብሎ ይጠራታል፤ ትዝታ መሆኗን ግን ገና አልተቀበለም። ልጅዎ ያየችው ተቃርኖ በእርግጥ በስንኙ ውስጥ አለ፤ ያለውም በሰውየው ልብ ውስጥ ስላለ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ከሁለቱ የትኛውን እንመን ብላ መጠየቋ ትክክለኛ ጥያቄ መጠየቋ ነው።

አስተያየት ከደሴ

የሁለተኛውን መላሽ ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ስንኙ በወረቀት ላይ ተጽፎ ብቻ የታየ መስሎኛልና ከዘፈኑ ወገን ሆኜ አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ትዝታ የስሜት ስም ብቻ አይደለም፤ የቅኝትም ስም ነው። ከ4ቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ባቲና አምባሰል በእኛ በወሎ በሚገኙ ቦታዎች ተሰይመዋል፤ አንቺ ሆዬ የተሰየመው በመጥሪያ ቃል ነው፤ ትዝታ ብቻ ነው በሰው ውስጥ በሚሆን ነገር የተሰየመው። 5 ድምፆች ያሉት ቅኝት ነው፤ ሙዚቀኞች ሜጀርና ማይነር እያሉ ሁለት ዓይነት አድርገው ይለዩታል። ባለክራሩ «ትዝታ ልያዝላችሁ» ሲል ክራሩን በዚያ ቅኝት ልቃኝ ማለቱ ነው። ስለዚህ «ትዝታዬ አንቺ ነሽ» ሲባል «ዘፈኔ አንቺ ነሽ» የሚል ሁለተኛ ወርቅ ከሥሩ አለ፤ «ትዝታም የለብኝ» የሚለውም «ከአንቺ በቀር የምዘፍነው የለኝም» ወደሚለው ያዘነብላል። በዚህ በኩል የመጀመሪያው መላሽ ልክ ናቸው እላለሁ።

ደግሞም የትዝታ ስንኞች ተንቀሳቃሾች ናቸው። ካሳ ተሰማ በክራራቸው፣ መሐሙድ አህመድ ከዘመናዊ ባንድ ጋር፣ በዛወርቅ አስፋውና አስቴር አወቀም በየድምፃቸው ትዝታን ሲጫወቱት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስንኝ እየመረጡና እየጨመሩ ነው። ሴት ስትዘፍነው «አንተ ነህ፣ እያልህ፣ እየቀረህብኝ» ይሆናል። ስንኙ ከሌላ ስንኝ ጋር ሲቀጠል ሁለተኛው መስመር ለመጀመሪያው ምክንያት መሆኑ ይቀርና ለሚመጣው ስንኝ መንደርደሪያ ይሆናል። ማሰሪያ አንቀጽ የለውም የተባለው እኮ ለዜማው የተመቸ ስለሆነ ነው፤ ድምፃዊው «እየቀረሽብኝ» ላይ ድምፁን እያረገበ ሲጎትተው ክራሩ ይቀበለዋል፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርሰው ክራሩ ነው።

በአንድ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ከሁለተኛው መላሽ ጋር ነኝ። በአካባቢያችን አልቃሾች ሙሾ ሲያወርዱ ሰምቼ አድጌያለሁ። ሙሾ የሚነገርለት ሰው እንደማይመለስ ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ሙሾ ይጮኻል። ትዝታ ግን እንጉርጉሮ ነው፤ ዝቅ ብሎ ነው የሚባለው። በትዝታ የምትጠራው ሴት በሕይወት አለች፤ አንድ ቦታ ትኖራለች፤ በር ልታንኳኳ ትችላለች። ይህን ልዩነት በቃል ሳልናገረው ኖሬ ዛሬ ነው በሰዋስው ሲገለጽ ያየሁት።

የሁለተኛው መላሽ ምላሽ

እኅቴ፣ ስለ ቅኝቱ የጻፉት እውነት ነው፤ ቃሉ ሁለቱንም ተሸክሟልና «ዘፈኔ አንቺ ነሽ» የሚለውን ወርቅ በደስታ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ሁለተኛውን «ትዝታ» ዘፈን ማድረጉን ነው፤ ምክንያቴም ያው «ብኝ» ነው። ሰው «ዘፈን የለኝም» ይላል እንጂ ዘፈን ካልተጫነበት በስተቀር «ዘፈን የለብኝም» አይልም። ስለ ክራሩ ያሉት ግን እኔ በሰዋስው ብቻ ሳየው የነበረውን ነገር አሰፋልኝ። ማሰሪያ አንቀጽ መጥፋቱን እንደ ጉድለት ቆጥሬ ወደ ኋላ ሄጄ ፈልጌለት ነበር፤ ለአንባቢ ይህ ያስፈልጋል፤ ለሰሚ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሳይታሰር መቅረቱ ሴትዮዋ መጥታ ካለመጨረሷ ጋር አንድ ነው። ሁለቱም አፈታቶች አብረው ይኖራሉ ብዬ አስባለሁ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ቃል በቃል አነበብነው። «ዘነበልኝ» እና «ዘነበብኝ» የሚለው ጋ ስትደርስ ደብተሯን አምጥታ ስንኙን ከጻፈችበት ገጽ አጠገብ ሁለቱን ቃላት ገለበጠቻቸው። ያን ጊዜ ነው ያላየሁትን ነገር ያየሁት። እርሷ በጆሮዋ ሰምታ የጻፈችው «እመጣለሁ እያልሽ እየቀረብሽኝ» ብላ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ጊዜም ሴትዮዋ እየመጣች ያለች መስሏት ኖሯል። ትዝታ የለብኝም ያለው እርሷ እየቀረበች ስለሆነ ነው ብላ አስባ ስለነበር፣ ግራ ያጋባት ዜማው ለምን እንደሚያሳዝን ነበር። ይህን እንዴት ብዬ ላርምላት?

የሁለተኛው መላሽ ምላሽ

የልጅዎ ስሕተት ሳያርሙት በፊት ጥቂት ሊቆዩበት የሚገባ ነው። «ቀረ» እና «ቀረበ» ሁለት የተለያዩ ግሦች ናቸው፤ በ«ቀረበ» ውስጥ «በ» የግሡ ሥር ፊደል ሲሆን፣ በ«ቀረብኝ» ውስጥ ግን ያው ስንነጋገርበት የዋልነው ሸክም አመልካች ነው። «ሽ» እና «ብ» ቦታ ሲለዋወጡ እየራቀች የነበረችው ሴት እየቀረበች ትሆናለች። ልጅዎ በሰማችው መሠረት የፈታችው አፈታትም በሰዋስው በኩል ምንም እንከን የለበትም፤ ሰውየው ራሱ ሊሰማው የሚመኘውም ይህንኑ ነው።

ማረሚያው ንባብ ነው። «እየቀረብሽኝ» ሲባል «ብ» ላልቶ ወደ «ሽ» ያልፋል። «እየቀረሽብኝ» ሲባል ደግሞ «ብ» ይጠብቃል፤ ድምፃዊውም ቃሉን ሲጎትት ሁለቱ ከንፈሮች በ«ብ» ላይ ተገጥመው ለአፍታ ይቆያሉ። ክራሩን አስቀምጣ ሁለቱን ቃላት ጮክ ብላ፣ በዝግታ፣ እየደጋገመች ታንብባቸው፤ ከዚያም ዘፈኑን ስትሰማ ከንፈር የሚገጠምበትን ቦታ ትጠብቅ።